ለሽማግሌው መርከበኛ ያላነበብኩላቸው ገጽ

የምሠራበት ቤት ከኦክላንድ ማዶ አላሜዳ በምትባል ደሴት ላይ፣ ከውሃው አጠገብ ነው። ያረጁ መርከበኞች መጦሪያ ነው። ያሠራችው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የነበረች የአንድ ባለ መርከብ ሚስት ናት፤ ባሏ ሲሞት ለነፍሱ ብላ። አንቱ የማልላት ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ትልቅ የተሳለ ምስሏ መግቢያው አዳራሽ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የቤቱ ደንብ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ሃያ ዓመት ባህር ላይ የሠራ፣ ጸባዩ የተመሰከረለት፣ የሚጦረው ዘመድ የሌለው ሰው ይገባል። አንዴ ከገባ፣ ካላጠፋ በቀር እስኪሞት ማንም አያስወጣውም። ሲሞት ደግሞ ሬሳው የቤቱ ነው፤ ወደ ባህር ይመለሳል። ያን ጊዜ በሸራ ሰፍተው ይጥሉት ነበር፤ ዛሬ አቃጥለው አመዱን በጀልባ ይወስዱና ከትልቁ ድልድይ ወዲያ ይበትኑታል። ሴትዮዋ ይህን የጻፈችው ክብር መስሏት ነው። ከመርከበኞቹ አንዱን ጠይቃ እንዳልጻፈችው ግን እርግጠኛ ነኝ።

ምሳ ሰዓቴን የማሳልፈው ላይብረሪው ውስጥ ነው። እዚያ ማንም የማይነካው የድሮ የጸባይ መዝገብ አለ፤ የእጅ ጽሑፉ እንዴት እንደሚያምር። ወጥ ሠሪውን የሰደበ ሰው ለአንድ ወር ትንባሆ ተከለከለ ይላል። ገንፎው ቀጠነ ብሎ ያጉረመረመው፣ ሌሎቹ ተቀምጠው ሲበሉ እሱ ቆሞ እንዲበላ ተደረገ። እሁድ እሁድ ሁሉም ተሰልፈው፣ ቆባቸውን አውልቀው የሴትዮዋን ምስል ያመሰግኑ ነበር፤ አንዱ አላወልቅም ብሎ አልጋውን አጣ። ሌላው ሰክሮ ገባና፣ ኮቱ የቤቱ ንብረት ስለሆነ አስወልቀውት በክረምት ከበሩ ውጭ አቆሙት፤ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የተጻፈ ነገር የለም። ያ ዘመን እዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳር ጎበዙን በመጠጥ እያደነዘዙ ለመርከብ የሚሸጡበት ዘመን ነበር፤ ገዢዎቹም እነዚሁ ባለ መርከቦች ናቸው። በጉብዝናው አስክረው የገዙትን ሰው በእርጅናው ጠጣህ ብለው አባረሩት።

ይህን ሁሉ የምናገረው እኔ ከእነሱ ተሽዬ አይደለም። መዝገቡ እስከ ዛሬ ቢጻፍ ኖሮ ለእኔም የሚሆን ገጽ አይጠፋም ነበር።

ሽማግሌውን ያወቅኳቸው ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። በወጣትነታቸው ምፅዋ ባህር ኃይል ነበሩ፤ ኋላ አገሩ ሲተራመስ በባዕድ መርከብ ተቀጥረው ሃያ ስድስት ዓመት ዘይትና ስንዴ ሲያመላልሱ ኖሩ። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። በመጨረሻ ኦክላንድ ወደብ ላይ አንድ ሻንጣ ይዘው ወረዱና ቀሩ። ምላሳቸው መራራ ነበር። ከኋላ ተቀምጠው የዲያቆኑን ድምፅ ሲያሙ ሰባኪው ሳይቀር ይሰማቸው ነበር። መጀመሪያ ቀን ሰላም ስላቸው ትከሻዬን አየት አድርገው ለጭነት ሥራ ትሆኛለሽ አሉኝ። ተናድጄ ሦስት እሁድ አላናገርኳቸውም፤ በአራተኛው ወደ ቤታቸው የማደርሳቸው እኔው ሆኜ አረፍኩት። ቤታቸው ማለት ሳን ፓብሎ ውስጥ የአንድ ያገራችን ሰው ጋራዥ ነው።

መኪና ውስጥ ሁልጊዜ የሚያወሩት አንድ ነገር ነበር። መርከብ ላይ ሰው ሲሞት አይተዋል። አንዱ ያገራቸው ልጅ ነበር፤ ከሕንድ ውቅያኖስ መሐል በሸራ ተጠቅልሎ ከሳንቃ ላይ ሲንሸራተት በእግሩ በኩል ሳንቃውን የያዙት እሳቸው ነበሩ። መርከቡ ለአሥር ደቂቃ እንኳ አልቆመም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው ይሉ ነበር፤ አፈር። ቄስ የሚፈታበት፣ ሰው መጥቶ የሚቆምበት አንድ ክንድ መሬት። ቤተ ክርስቲያናችን ሰው የምትቀብርበትን ኮረብታ ሄደው አይተው፣ ከአጥሩ ሥር አንድ ቦታ ወደውት መጥተዋል። ከባህር የወጣሁት አፈር ልለብስ ነው የሚሏትን ቃል የሳን ፓብሎ ሐበሻ ሁሉ በቃሉ ያውቃታል።

ጋራዡ ያለበት ቤት ሲሸጥ በወሩ መጨረሻ ውጡ ተባሉ። በዚያው ሳምንት እኛ ቤት አንድ አልጋ ተለቀቀ፤ የያዘው ሰውዬ ሞቶ ነው። ዳይሬክተሯን ለመንኳት። ደግ ሴት ናት፣ ስታዝንም ስትስቅም ጥርሷ አንድ ዓይነት ነው። ሽማግሌው ያረጁ የመርከበኛ ደብተሮቻቸውን ይዘው ቀረቡ፤ ዘመድ አለዎት ወይ ሲባሉ ዓይናቸውን ሳያሹ የለኝም አሉ። ኮሚቴው በሦስት ቀን ውስጥ ተቀበላቸው። ከዚያ በኋላ የቀረው ፊርማው ነበር።

ዳይሬክተሯ ስብሰባ ነበረባት። ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝና በቋንቋችሁ አንድ በአንድ አንብቢላቸው፣ ሳይገባቸው እንዳይፈርሙ ብላ ሄደች። ሰባት ገጽ ነው። ስለ መድኃኒቱ አነበብኩ፣ ስለ ገላ መታጠቢያው፣ ስለ ጠያቂ ሰዓት። ስድስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ያው የሴትዮዋ ደንብ ነው፤ ቃሉ ዘመናዊ ሆኗል እንጂ ሐሳቡ አልተለወጠም። ስሞት ሬሳዬ ይቃጠል፣ አመዴ ባህር ላይ ይበተን፣ ተስማምቻለሁ ይላል። የማይፈልግ ሰው ሌላ ፎርም አለለት፤ ሬሳውን የሚረከብ አንድ ሰው ስም ሰጥቶ አብረው ይፈርማሉ። ያ ሰው እኔ መሆን እችል ነበር። ምን ይከብዳል?

የከበደኝ አፌ ነው። ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብዬ ሲሞቱ እንዲህ ያደርጉዎታል ማለት አልሆነልኝም። እኛ እኮ የሞተን ሰው እንኳ ሞተ የምንለው ሽማግሌ ሰብስበን፣ በማለዳ ሄደን፣ በስንት ዙሪያ ጥምጥም ነው። ደግሞ ፈራሁ፤ ሰምተው ተነስተው ቢወጡስ? ማደሪያ ለማጣት የቀራቸው ሁለት ቀን ነው። ገጹን ገለጥኩት።

«ይሄ ስለ ምግቡ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ስለ ምግቡ ምን ይላል?»

«ጨው አናበዛም ነው የሚለው።»

ትንሽ አዩኝ። ጨው አለመብዛቱስ ደግ ነው አሉና እስክሪብቶውን ተቀብለው ፈረሙ።

በልቤ ያሰብኩት በሚቀጥለው ሳምንት፣ አልጋቸውን ሲለምዱት፣ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው። ፎርሙንም ወስጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ጾም ገባ፤ በጾም አይሆንም አልኩ። ፋሲካ መጣ፤ በበዓል ምን ሟርት ነው አልኩ። ደስ ብሏቸው ሲያገኙኝ ደስታቸውን ላለመንሳት፣ ከፍቷቸው ሲያገኙኝ እንዳልጨምርባቸው እያልኩ፣ ዛሬ ነገ ስል ዓመት አለፈ።

እሳቸውም በቤቱ ውስጥ ቅዱስ አልነበሩም። ከአጠገባቸው ያለውን ዓይነ ስውር የኖርዌይ ሽማግሌ ዘንጉን ደብቀው ሲፈልግ ቁጭ ብለው ያዩት ነበር፤ ስቆጣቸው ምን ላድርግ ሲኒማ የለ ይሉኛል። ቤቱም የሚገባቸውን ሰጣቸው። በዓመት አንድ ቀን አሁንም ሽማግሌዎቹ ሰማያዊ ቆብ አድርገው ከሴትዮዋ ምስል ሥር ይሰለፋሉ፤ ቆቡን ማውለቅ ቀርቷል፣ ፎቶ መነሳት ተተክቷል። እሳቸውን ሁለቱንም ዓመት ከፊት አቆሟቸው። ጥቁር መርከበኛ ከፊት ሲቆም ፎቶው ያምራል፤ ለለጋሾቹ የሚላከው ደብዳቤ ላይ የሚወጣውም እሱ ነው። ከፊት ያቆሙኝ ቁመቴን አይተው እንዳይመስልሽ አሉኝ፣ እየሳቁ አልነበረም።

ከቤቱ ሰው ሲሞት ግን አንድ ነገር ይጠይቁኝ ነበር። ጀልባዋ የምትወጣ ቀን በመስኮት ያዩና፣ ሰውዬውን የት ወሰዱት ይሉኛል። ቤተሰቦቹ ወሰዱት እላለሁ። ቤተሰብ የለውም ብሎኝ ነበር ይላሉ። ከሩቅ መጡ እላለሁ። አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ሰው ሞተ፤ አምስት ጊዜ ጠየቁኝ፣ አምስት ጊዜ ዋሸኋቸው።

አንድ ቅዳሜ ዩኒየን ሲቲ ሰው ጠይቀን በመኪና ስንመለስ ለልጄ ነገርኳት። ልጄ እዚህ የተወለደች ናት፤ በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ሁሉን ጨርሼ ስነግራት መንገዱን እያየች፣ «ማም፣ ጀስት ቴል ሂም። ኢትስ ሂዝ ባዲ» አለችኝ፤ ዝም ብለሽ ንገሪያቸው፣ ገላው የራሳቸው ነው ማለቷ ነው። ነደድኩ። ለእናንተማ ሁሉ ነገር ቀላል ነው፣ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባችሁ ብዬ ጮህኩባት። የእናቴን ነገር አነሳችብኝ።

እናቴ አዲስ አበባ ሞታ፣ የኦክላንድ ሰው በሙሉ እያወቀ አራት ወር ደብቆኛል። አራት ወር ሙሉ ስልክ ስደውል ጉንፋን ይዟት ተኝታለች፣ ጠበል ሄዳለች ይሉኝ ነበር። እኔም ከሥራ ስወጣ ነጠላ መርጬ ገዝቼ፣ መድኃኒት ገዝቼ ልኬላታለሁ፤ ለሞተች ሴት። ያረዱኝ ቀን ከለቅሶዬ ይልቅ ንዴቴ በለጠ። አንዷን ወዳጄን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። ልጄ ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ለካ ሁሉንም አስታውሳው ኖሯል። «ዩ ሄትድ ዘም ፎር ዛት» አለችኝ፤ ስለደበቁሽ ጠልተሻቸው ነበር ማለቷ ነው። እስክንደርስ ሬዲዮ ከፈትኩ።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ሽማግሌው ሳንባቸው ደከመ። ሐኪሙ የቀራቸው የሳምንታት ዕድሜ ነው አለ። ዳይሬክተሯ ኮሪደር ላይ ያዘችኝና ስለ መጨረሻው ሥርዓት ያውቃሉ አይደል፣ እምነታቸው የማይፈቅድ ከሆነ አሁንም መለወጥ ይቻላል አለችኝ። ይኸውላችሁ፣ በሩን በርግዳ ከፈተችልኝ። እኔ ግን አንብቢላቸው ብላኝ እንዳላነበብኩ ልትሰማ ነው ብዬ፣ ሥራዬን ፈራሁና ያውቃሉ አልኳት።  የራሴ ድምፅ ያን የመዝገቡን የሚያምር የእጅ ጽሑፍ መሰለኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍላቸው ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ጋሼ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ ብዬ ሁሉንም አፈረጥኩት። ማቃጠሉን፣ ጀልባዋን፣ አምስቱን ሰዎች። ስጨርስ ፊታቸው ላይ ምንም ለውጥ የለም።

«ስድስተኛው ገጽ ላይ ነው» አሉ። «ከላይ ሁለተኛው አንቀጽ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ሃያ ስድስት ዓመት የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ። ያላነበብሽው አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

«አልጋ አስፈልጎኝ ነዋ። ሁለት ቀን ነበር የቀረኝ። ይቺ ልጅ ፈርታ ነው፣ ነገ ትነግረኛለች፣ ያኔ እናስተካክለዋለን አልኩ።» ለመተንፈስ ቆዩ። «ሰው በሞተ ቁጥር ጠየቅኩሽ። ከዚህ በላይ ምን ልርዳሽ?»

ቦርሳዬን ከፍቼ ፎርሙን አወጣሁ። ሁለት ዓመት እዚያ ከርሞ ጫፉ ተጣጥፏል። እኔ እረከብዎታለሁ፣ እዚህ ጋ ሳይን ያድርጉ፣ ዛሬውኑ አስገባዋለሁ ብዬ እስክሪብቶውን እጃቸው ውስጥ አስገባሁት። እስክሪብቶውን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጡት።

«አልፈርምም።»

«ጋሼ፣ በእመቤቴ። ስንት ዓመት ሙሉ አፈር አፈር ሲሉ አልነበር?»

«አፈሩን የፈለግኩት እኮ ለአፈርነቱ አይደለም። ሰው መጥቶ እንዲቆምበት ነው። ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺም በየቀኑ እያየሽኝ አንዲት እውነት ልትነግሪኝ አቃተሽ። ማን ሊቆምልኝ ነው ታዲያ?»

ይህን ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ተንበርክኬ ለመንኳቸው፤ እግራቸውን ሳምኩ። ጨካኝ ነበሩ፤ አሁንም እንዲህ ስል አላፍርም። ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔን ውሸት እያዩ፣ ያን ዓይነ ስውር ዘንጉን ሲፈልግ እንደሚያዩት አዩኝ። አንድ ቃል ቢሉኝ እኔም እተነፍስ ነበር። ግን ይህን የምለው ራሴን ለማቅለል መሆኑን አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከእጄ ውሃ አልተቀበሉም። የሚያጎርሳቸው ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ ነበረች። ቄስ አመጣሁ፤ ቆረቡ። ቄሱ ሲወጡ እንዲመክሩልኝ ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ስለ ቀብሩ አትጨነቂ፣ ሽማግሌው ራሳቸው ሁሉን ጨርሻለሁ ብለውኛል አሉኝ። እዚያ ቆሜ አልጨረሱም ማለት ነበረብኝ። ቄሱ የመኪናቸውን በር እስኪዘጉ አየኋቸውና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

የሞቱት ማክሰኞ ጠዋት በእኔ ሺፍት ነው። ገላቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ እምቢ ማለት አይችሉም። ከሳምንት በኋላ አመዱን ይዘን በጀልባ ወጣን። ከቤቱ አንድ ሠራተኛ አብሮ መሄድ ስላለበት እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ከድልድዩ ወዲያ ዳይሬክተሯ የሴትዮዋን ጸሎት አነበበች፤ ጀልባ ነጂው ሣጥኑን ገለበጠው። ንፋሱ መለሰውና ጃኬቴ ላይ ሰፈረ። ነጂው ለሁሉም ሰው ያጋጥማል ብሎ የልብስ ብሩሽ አቀበለኝ። ከመቀመጫው ሥር የተዘጋጀ ብሩሽ ነበረው። ብድግ ብዬ ጠረግኩት፤ ምን ላድርገው?

ሦስት የማኅበር እህቶቻችን ቤቴ መጡ። ትልቋ ከሳን ሆዜ ነው የመጡት፤ በማኅበሩ ቃላቸው የሚከበር ሴት ናቸው። ለምን ለቀብር አልተጠራንም፣ የት ነው ያረፉት አሉኝ። በዚህ ጊዜስ አልዋሽም አልኩ።

«አቃጥለው ባህር ላይ በተኗቸው» አልኳቸው። «ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ። ሳላነብላቸው ነው ያስፈረምኳቸው።»

ሁለቱ አፋቸውን ያዙ። ትልቋ ግን ተነስተው በሩ መዘጋቱን አዩና ተመልሰው እጄን ያዙኝ።

«ይሄን ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳታወጪው» አሉኝ። «ሆድ ይፍጀው። አስከሬናቸው አገር ቤት ተልኳል እንላለን።»

አልተላከም እኮ አልኳቸው። ይህ ሕዝብ እሳት ሲሰማ ምን ይላል፣ ለእሳቸው ክብር ስትይ አሉኝ። ቄሱስ ስል ለቄሱ እኔ እነግራቸዋለሁ አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን እያደር የተድበሰበሰ እንጂ የጠራ አላየሁም። ያን ቀን ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ፣ በጥፊ ቢሉኝ እመርጥ ነበር። እንባዬን ጠርገውልኝ ሄዱ።

በአርባቸው ኦክላንድ አዳራሹ ሞላ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን ያልጠየቋቸው ሰዎች ሁሉ መጥተዋል። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ አንድ አዛውንት ተነስተው ተናገሩ። እኚህ ሰው ዕድለኛ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙትን አግኝተዋል፣ ያገራቸውን አፈር ለብሰዋል አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እኔን ፈለገ። ልጅ ባትሆን ልጅ ሆና ለዚህ ያበቃቻቸው እሷ ናት፣ የእሷን እጅ ለሁላችንም ይስጠን አሉ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ትልቋ ሴት ከጠረጴዛው ማዶ አዩኝ።

እኔም አሜን አልኩና የቀረበልኝን በላሁ።